ከጤና አዳሙ ጀርባ የደበቅኩት መቅጃ

ባለፈው እሁድ ሳን ሆዜ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚቸረቸርበት ሜዳ ላይ ስዞር፣ አንድ ሰውዬ በካርቶን ሙሉ የድሮ ሙዚቃ ማጫወቻ አስቀምጦ አየሁ። ገመዶቻቸው ተተብትበዋል፤ መስታወታቸው ተጫጭሯል፤ የአንዳንዶቹ ባትሪ ውስጣቸው ፈስሶ አረንጓዴ አውጥቷል። ሁሉም ይሠራሉ አለኝ። አላመንኩትም። እኔ እንኳን ገበያ ላይ ያገኘሁትን ሰው፣ አብሮኝ ያደገውንም ቶሎ አላምንም። ቢሆንም ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ማንሳት ጀመርኩ። ይሄኛው ዘፈን መሃል ላይ ይደርቃል። ያኛው የማዳመጫው ቀዳዳ ስለሚላላ በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚያሰማው። ያ ወፍራሙ ደግሞ ሆዱ ውስጥ የሚሽከረከር ዲስክ ስላለው ሲሮጡ ይንተባተባል። ሰውዬው ሥራዬ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሥራዬ ሳይሆን አስተዳደጌ ነው ልለው ፈልጌ ተውኩት።

ልጅ እያለሁ የዓለም ሀብት በሙሉ በጋሼ ንጉሤ የመኪና ወንበር ሥር የተከማቸ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ንጉሤ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኛ ኦክላንድ፣ ከሌክ ሜሪት ሐይቅ አንድ መንገድ ገባ ብሎ ካለ አሮጌ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን፤ እሱ ሳን ሆዜ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ደመወዝ እንደወጣለት እግሩ የሚወስደው ወደ ኤሌክትሮኒክስ መደብር ነው። አዲስ የሙዚቃ ማጫወቻ ወጣ ከተባለ እሱ ቀድሞ ሰምቷል፤ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ዘፈን እንደሚይዝ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሳይገዛው በቃሉ ያውቀዋል። ሚስት አላገባም። እናቴ "አንተ ያገባኸው ሳጥን ነው" ትለው ነበር፤ እውነትም የገዛቸውን ዕቃዎች ሳጥን አንዱንም አይጥልም፤ አልጋው ሥር ደርድሮ ያኖራቸዋል።

አዲሱን ዕቃ ግን ብቻውን አይከፍትም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ይዞት ይመጣና ጠረጴዛው መሃል ያስቀምጠዋል። ምሳ እስኪበላ ማንም አይነካውም። ከዚያ እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ ላስቲኩን በጥፍሩ ጫፍ ቀስ ብሎ ይቀደዋል፤ ክዳኑን ያነሳና መጀመሪያ ለእኔ ያስሸትተኛል። ያ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ፣ ትንሽ መድኃኒት መድኃኒት የሚል፣ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የአጠቃቀም መመሪያውን እንደ ዳዊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበዋል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን ስስ ላስቲክ ደግሞ ጠርዟ ተጠቅልሎ ብናኝ እስኪሰበስብ ድረስ አይልጣትም። አዲሱ ሲመጣ የበፊቱ ለእኔ ይሆናል፤ በዚህ ዓይነት አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አምስት ማጫወቻ ነበረኝ።

የመጀመሪያዬ በሲዲ የሚሠራ ነበር። ዘፈኑ እንዳይዘልብኝ ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው ሙሉ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቅሁ ነው። ከዚያ አውራ ጣት የምታክል መጣች፤ ሠላሳ ዘፈን ብቻ ትይዛለች፤ አንድ ለመጨመር አንድ ማጥፋት ስላለብኝ በየሳምንቱ ፈተና ነው። ከሁሉ የምወዳት ግን ብርማዋ ነበረች፤ ኤፍኤም ሬዲዮም ነበራት። የቀሩት ጓደኞቼ ኳስ ሲጫወቱና ገመድ ሲዘሉ እኔና ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ኤመሪቪል ትልልቆቹ መደብሮች ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ የማሳያ ዕቃዎችን እየነካካን እንውላለን። ዘበኛው ከኋላችን ከኋላችን ይከተለናል። ጋሼ እንደ ዘመድ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለዋል፤ ዘበኛው ይብስበታል።

አባቴ ይህን ሁሉ ዕቃ በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ባለመኪናዎች ቀኑን ሙሉ ከሚሰጡት ምክንያት የሚያምነው አንድም የለም። ከዚያም በላይ ያደገው ግድግዳ ጆሮ አለው በሚባልበት ዘመን ስለሆነ፣ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ ድምፅ ይሰበስባል ብሎ ያምናል። ቁም ነገር ሊያወራ ሲል ማጫወቻዎቼን በትራስ ይሸፍናቸው ነበር። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" ይለኛል። ገንፎ ሲቀርብልኝ በማንኪያ ጫፍ እየፈተሽኩ የምበላ ልጅ የሆንኩት በእሱ ነው። እናቴ የእኔን ጠባይ እያየች፣ ልጄን ገና ሳታድግ ዳኛ አደረግሃት እያለች ትስቅበታለች።

እሷ በርክሌ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ትሠራ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ በጊዜ ስለምትወጣ ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንላለን። ማዳመጫውን እንካፈላለን፤ ግራው የእሷ፣ ቀኙ የእኔ። ጣቷ የሆስፒታል ሳሙና ይሸታል። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት እሷ ትጀምራለች፤ ከዚያ ዘፋኙ ዘገየ ብላ ትወቅሰዋለች። ዝይዎቹ እግራችን ሥር ይርመሰመሳሉ። የዓለም ደስታዬ ይህ ነበር፤ ሌላ የሚበልጥ እንዳለም አላውቅም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ንጉሤ ሳሎን ተቀምጧል። ጋሼ በሥራ ቀን መጥቶ አያውቅም። ለእናቴ አዲስ ስልክ ይዞላት ነበር፤ ግን ሳጥን የለውም። ዓይኔ ወዲያው እዚያ ላይ አረፈ። ላስቲክ አልተቀደደም፣ መመሪያ አልተነበበም፣ ማንም ምንም አላሸተተም። ስልኩም አዲስ አይደለም፤ ጥጉ ላይ ያለችውን ጭረት አውቃታለሁ፣ ባለፈው ዓመት ኤመሪቪል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከእጁ ሲወድቅ አብሬው ነበርኩ። "አፕግሬድ አደረግኩልሽ እኮ እታለም፤ የድሮውን ስጪኝ፣ ነምበሮቹን ትራንስፈር ላድርግልሽ" አላት። እናቴ የወንድሟን አመል ስለምታውቅ ሳቀችና ሰጠችው። የአዲሱ ቁጥርም ሌላ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ብርማዋን ጠየቀኝ። አፕዴት ያደርግልኛል። እኔ አፕዴቱን ከሁለት ሳምንት በፊት ራሴ አድርጌዋለሁ፤ እሱም ያውቃል፣ በስልክ ነግሬው ጎበዝ ብሎኛል። ይህን በእንግሊዝኛ ነገርኩት፤ ስናደድ አማርኛዬ ይጠፋኝ ነበር። ዓይኔን ሳያይ እጁን እንደዘረጋ ቆየ። ከጎኑ የተቀመጠው አባዬ ስጪው አለኝ፤ ሰጠሁት። አባዬ ስለማጫወቻ ጣልቃ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ የቤት ስልካችን እንደማይጮህ ደረስኩበት። ከትምህርት ቤት ቢሮ ደወልኩ፤ በእኔ በኩል ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። እናቴ ግን ያን ቀን የማትሠራበት ስለነበር ቤት ነበረች። ስገባ ስልኩን ገልብጬ አየሁት፤ የመጥሪያው ድምፅ ተዘግቷል። ልከፍተው ስል አባዬ እጄን ቀብ አደረገና ተይው አለ። ምሽት ላይ ደግሞ እራት እንደበላን ተነስቶ ሳህን አጠበ። አባዬ ሳህን አጠበ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ከታች ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ለተብርሃንም ተለውጠውብኛል። የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኛ ይልቅ ቅመም አለው፤ በልብስ ማድረቂያው ተራ ከእናቴ ጋር ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ሳምንት የለም። ያን ቀን ግን የእናቴን ቅርጫት ከእጇ ተቀብለው አንሶላችንን አንድ በአንድ አጠፉላት። ሲለያዩም አቅፈዋት ቆዩ። እናቴ ምን ሆኑ ብላ ስትገረም እኔ በልቤ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት።

ያን ጊዜ አእምሮዬ ውስጥ የነበረውን ካልነገርኳችሁ የሠራሁት ሥራ አይገባችሁም። ከዚያ ሁለት ወር በፊት የአንዲት የክፍሌን ልጅ እናት የኢሚግሬሽን ሰዎች ንጋት ላይ መጥተው ወስደዋት ነበር። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ከአክስቷ ጋር ነበር የምትመጣው፤ ከማንም ጋር አታወራም። የእኛ ወረቀት ሙሉ ነው ቢሉኝም፣ ትልልቅ ሰዎች ለልጅ ሙሉውን እንደማይናገሩ አውቃለሁ። ስልክ ይወሰዳል፣ ስልክ ይዘጋል፣ ጎረቤት አቅፎ ይሰናበታል። እናቴን ሊወስዷት ነው፤ አባዬና ጋሼ ደግሞ ያውቃሉ ብዬ ደመደምኩ። አባዬ ያስተማረኝ ጥርጣሬ መልሶ አባዬ ላይ ዞረ።

ጋሼ አንድ ነገር ረስቷል። አውራ ጣት የምታክለዋ ማጫወቻ አሁንም እኔ ዘንድ ነበረች፤ ድምፅም ትቀዳለች። ያኑ ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ገና ሳይጨልም፣ ጋሼ ዳግመኛ መጣና ከአባዬ ጋር በረንዳው ላይ ወጡ። እናቴ ሻወር ውስጥ ነበረች። እኔ አስቀድሜ መቅጃዋን ከፍቼ እናቴ በረንዳው ላይ ከተከለችው ጤና አዳም ማሰሮ ጀርባ አስቀምጫታለሁ። በሩን ዘግተው ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ሲገቡ የጋሼ ዓይን ቀልቷል፤ አለርጂ ነው አለ። ጋሼ ከሄደ በኋላ አንስቻት መኝታ ክፍሌ ገባሁ፤ መቅጃዋ ጤና አዳም ጤና አዳም ትሸታለች።

የሰማሁት ይህ ነው። አባዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ታች ፓርኪንጉ ጋ ይሰበሰባል፣ አንድ ላይ ነው የምንገባው ይላል። ጋሼ፣ የእሷንም የቤቲንም ወስጃለሁ ይላል፤ ቤቲ እኔ ነኝ። የኮሚኒቲው ፕሮግራም በሬዲዮ እንዳይናገረው ነው የፈራሁት ይላል። ከዚያ አባዬ፣ ስንገባ ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ይያዟት፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን እኔ አዘጋጃለሁ፣ እስከዚያ እንዳትጠረጥር ብቻ ይላል። ከዚህ በኋላ ቃል የለም። ለረጅም ጊዜ እፍ እፍ የሚል ነገር ብቻ ነው የሚሰማው፤ ንፋስ መሰለኝ።

ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቴን ሐይቁ ዳር ወሰድኳት። በየሳምንቱ እንደምናደርገው ተቀመጥን፣ ግራውን ሰጠኋት፣ ቀኙን አደረግኩ። ዘፈን ጠብቃ ጭንቅላቷን ገና ከወዲሁ ወዝወዝ ማድረግ ጀምራለች። የአባዬ ድምፅ ሲመጣ ቆም አለች። ፊቷን እያየሁ ነበር፤ እንደምትቆጣ፣ እንደምትደነግጥ፣ ተነሺ እንሩጥ እንደምትለኝ ጠብቄያለሁ። አንዱም አልሆነም። ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ይያዟት የሚለው ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ያ ንፋሱ መጣ። እስኪያልቅ ሰማችው፤ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ መዳፏ ላይ ይዛ፣ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት።

"ሊወስዱሽ ነው?" አልኳት።

"ማንም አይወስደኝም" አለች። "ይሄ ንፋስ አይደለም፣ ንጉሤ ነው እያለቀሰ ያለው። እሱ እንዲህ ካለቀሰ የእኛው ነው። ወይ አባባ ነው፣ ወይ እማማ ነው።"

መርዶ ምን እንደሆነ ያወቅሁት በዚያች ወንበር ላይ ነው። ሰው ሲሞትበት እንዲሁ እንደማይነገረው፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ንጋት ላይ በሩን እንደሚያንኳኳ፣ እስከዚያ ድረስ ሁሉም አፉን እንደሚይዝ፣ እዚህ አገር ደግሞ ሰው ሥራ ስላለው ቅዳሜ እንደሚጠበቅ በእርጋታ አስረዳችኝ። እንደ ማንኛውም የቤት ሥራ ነበር ያስረዳችኝ። እኔ በዚያች ሰዓት ያደረግኩት ነገር ገባኝ። ይህን ሁሉ ሰው፣ ይህን ሁሉ ድካም፣ በአንዲት አውራ ጣት በምታክል ዕቃ አፍርሼው ነበር።

መንገዱን ተሻግሮ የስልክ ካርድ የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ገዝተሽ አዲስ አበባ ደውዪና ማን እንደሆነ ጠይቂ አልኳት፤ እያለቀስኩ ነው የምላት። ሱቁን ብዙ ጊዜ አየችው። ተነስታ የምትሄድ መስሎኝ ቦርሳዋን አቀበልኳት።

"ካልነገሩኝ ሁለቱም አሉ" አለችኝ። "እስከ ቅዳሜ ሁለቱም አሉ።"

ከዚያ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚጠፋው ብላ መቅጃዋን ከእጄ ወሰደች። አሳየኋት። ይጥፋ ወይ አይጥፋ ብሎ ሲጠይቃት፣ በሳሙና በተሰነጣጠቀው ጣቷ ይጥፋ የሚለውን ተጫነች። ለአባትሽም ለጋሼሽም ትንፍሽ እንዳትዪ፣ እነሱ ለእኔ ብለው ነው የሚደብቁኝ፣ እኔም ለእነሱ ብዬ አልሰማሁም አለችኝ። አልተቆጣችኝም። እስከ ዛሬ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር ከምላቸው ቀኖች አንዱ ያ ነው።

አርብ ቀን ያየሁትን እናት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም። ከሥራ ስትመለስ ሰኞንና ማክሰኞን ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች፤ ለአባዬ ግን አልነገረችውም። ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አጸዳች። ሶፋውን ወደ ግድግዳው አስጠጋን፤ ለሚመጣው ሰው መቀመጫ ቦታ እንዲሰፋ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ነጠላዋን አጥባ በረንዳው ላይ አሰጣችው። አባዬ ምን ነካት በሚል ዓይን ሲያያት አቧራው ሰለቸኝ አለችው። ተጠራጣሪው አባቴ፣ ከገንፎ ውስጥ ስንጥር የሚያወጣው ሰውዬ፣ አመናት።

ለእራት ጋሼ ንጉሤ መጣ። ከሳን ሆዜ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ይዞላት ነበር፤ ገመድ የሌለው፣ ያን ጊዜ ብርቅ የነበረ። ይሄን ስትነኪ ይበራል፣ ይሄን ስትይዢው ይጠፋል እያለ ያስረዳታል፤ ድምፁ ከወትሮው ከፍ ብሏል። አባቱ ወይም እናቱ ሞተውበት፣ እሷ እንዳትጠረጥር ብሎ ስለ ቁልፍ ያወራል። እሷ ደግሞ እሱ እንዳይጠረጥር ብላ ትስቅለታለች፣ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ከዚያ ካጎረስኩህ እኮ ቆየሁ ብላ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው። ማላመጥ አቃተው። ሁለተኛውን ስታነሳ በቃኝ እታለም አለ፤ ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ብላ ሁለተኛውን ጨመረችለት። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ከመስኮቱ አየኋቸው። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ፓርኪንጉ ላይ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ በሹክሹክታ ይነጋገራሉ። እትዬ ለተብርሃን ከፊት ናቸው፤ ጋሼ ንጉሤን ሁለት ሰዎች ደግፈውታል። እናቴ ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሲያንኳኩ ከእንቅልፏ እንደተነሳ ሰው ፀጉሯን በእጇ በተን አድርጋ ሄዳ ከፈተች። ከግራና ከቀኝ ያዟት። አንድ ሽማግሌ ካህን፣ ልጄ አባትሽ አርፈዋል፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት።

ከመጮኋ በፊት አንዲት ትንፋሽ አወጣች። ሁለቱን ቀን ይዛው የቆየችው ትንፋሽ ነው። ማንም አላየም፤ እኔ ግን ዓይኔን ከፊቷ አልነቀልኩም ነበር። የሞተችው እናቷ አለመሆኗን ስትሰማ የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጩኸት ግን እውነተኛ ነበር፤ ሴቶቹ ባይዟት ኖሮ ወለሉ ላይ ነበር የምትወድቀው። ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያች ትንፋሽ እሷ ራሷ ነገረችኝ። ሁለቱን ቀን እጸልያለሁ ብላ ተንበርክካ ምን እንደምትል ይጠፋት ነበር። እማማ አትሁን ማለት አባባ ይሁን ማለት ነው፤ እንዲህ ብሎ ጸሎት ደግሞ የለም አለችኝ። አባቷን ሳትወድ የቀረች እየመሰላት ለዓመታት በንስሐ ተጨንቃበታለች።

ብርማዋን ጋሼ በሣልስቱ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳያውቅ ድምፁን ቀድቼ አላውቅም፤ ዕቃ መውደዱ ግን አልለቀቀኝም፣ እሱንም አለቀቀውም። ይልቁንም ያን ታሪክ የመኩሪያው ታሪክ አደረገው። ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ እንዴት በአንድ አሮጌ ስልክ እህቱን አራት ቀን እንደሸወዳት ያወራል። "በኤሌክትሮኒክስ ነው መርዶ የጠበቅኩት" ይላል። እናቴም ምን ዓይነት ሞኝ ነበርኩ እያለች አብራ ትስቃለች። በዚያ ሳቅ መሃል ዓይኗ ለአንድ አፍታ ወደ እኔ ይመጣና ይመለሳል። ያን ምሥጢር ጠብቀን ከመኖራችን የበለጠ የሚያቀራርበን ነገር የለንም።

ሴት አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ኤመሪቪል ሥራ ቦታዬ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ ፎቶግራፋቸው ከሻማ ጋር መጣብኝ። አዲስ አበባ ያለች፣ በአካል የማላውቃት ዘመድ ናት የለጠፈችው። ከሥሩ ገና በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ ሰው ነፍስ ይማር ብሏል። ጋሼ ንጉሤ ወዲያው ደወለ። የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር፤ ግን የሚያወራው ስለ ዕቃ ነው። ስልኳን ማን ይውሰድባት፣ ታብሌቱስ፣ የእጅ ሰዓቷም መልእክት ያሳያል፣ ቴሌቪዥኑም ከስልኩ ጋር ተገናኝቷል። ሁሉንም የሰጣት እሱ ነው፤ እያንዳንዱን ሲከፍተው አሽትታለች። ቀጥሎ፣ ቤቱን የሞላሁት እኔው ነኝ አለ። ከሳን ሆዜ እየተነሳ ነበር። እኔ ቅርብ ስለሆንኩ ሳታየው ቀድሜ እንድደርስላት ነገረኝ።

አባዬ ሥራ ላይ ነበር። በሩን በቁልፌ ከፍቼ ስገባ እናቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ስልኩንም ታብሌቱንም በግንባራቸው ደፍታቸዋለች፤ ሰዓቱን ከእጇ አውልቃ ከጎናቸው አስቀምጣዋለች። ቅድም አንዱ ጮኸ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሁሉም ይጮሁ ጀመር፤ እንዲህ አንድ ላይ የሚጮሁት ለምን እንደሆነ ላለማወቅ ደፋኋቸው አለችኝ። አንዱንም አላየችም። አሁን ሊሆን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። አፌን ልከፍት ስል እጇን አነሳች።

"ንጉሤ መንገድ ላይ ነው?" አለች።

ነው አልኳት።

"እንግዲያው እሱ እስኪደርስ አትንገሪኝ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያኔ ሁለት ቀን ነበራት፤ ሃያ ሰው አፉን ይዞ፣ እያንዳንዱ ሲያያት እየዋሸ፣ ጠብቆ ያቆየላት ሁለት ቀን። አሁን የቀራት ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ ያለው መንገድ ብቻ ነው። ጋሼ ንጉሤ መሪውን ጨብጦ ለእናቱ ብቻውን እያለቀሰ እንደሚነዳ አውቃለሁ፤ ቶሎ ደርሶ እህቱ ትከሻ ላይ እንዲያለቅስ ልመኝለት ይገባኝ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ግን የእናቴን እጅ ይዤ መንገዱ እንዲጨናነቅ ለመንኩ።